ድኩላዋ አለቱ ላይ የወጣች ዕለት

እንስሳት ሁሉ አፍ በነበራቸው፣ ጆሮ ግን ለጥቂቶቹ ብቻ በደረሰበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ገደል ሥር አንድ ጫካ ነበረ።

ከጫካው መሃል ጠፍጣፋ አለት አለ። አለቱ ላይ ቆሞ የተናገረ እንስሳ ድምፁን ገደሉ ይቀበልና ሦስት ጊዜ ይመልሰዋል። ይህን ያገኘችው ጦጢት ናት። አንድ ቀን በአለቱ ላይ ስታልፍ እሾህ ወጋትና «ወይኔ እግሬን» አለች። ገደሉም «እግሬን፣ እግሬን፣ እግሬን» እያለ ለጫካው ሁሉ አሰማላት። ከታች ሣር ሲግጡ የነበሩት እንስሳት ቀና ብለው አዩአት፤ አዝነውላትም መሬቱን በእግራቸው መቱላት። ጦጢት ዕድሜዋን ሙሉ ስለ እግሯ የጠየቃት አልነበረም። በማግስቱ እሾህ ሳይወጋት ወጣችና ያንኑ ደገመችው።

ብዙም ሳይቆይ ለአለቱ ወረፋ ተያዘ። ወረፋ ሲኖር ሕግ መውጣቱ አይቀርምና ሕግም ወጣ። ተናጋሪ የሚለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ሁለተኛ ትንፋሽ የሳበ ይወርዳል። የሰማውን የወደደ መሬት ይመታል። በጣም የወደደ ደግሞ ራሱ ወጥቶ የሰማውን በራሱ አፍ ይደግመዋል። አለቱ ዙሪያ እስካሉ ድረስም ማንም ማንንም አይበላም። ከዚያ ወዲህ እንስሳት ሲገናኙ «እንዴት አደርክ» መባባሉን ትተው «ስንት ምት አገኘህ» መባባል ጀመሩ።

ጋሽ ዝንጀሮ በየማለዳው ይወጣና «ነጋ» ይላል። ጫካው ሁሉ ይመታለታል። ከዚያ በፊት መንጋቱን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር። የሜዳ አህያ ስለማታውቀው ነገር መናገር ትወዳለች፤ በተለይ ስለ ባሕር ስትናገር የሚስተካከላት የለም። ኤሊ ስለ ዝናቡ የምትለው ነበራትና ከቤቷ ተነሣች፤ አለቱ ላይ ስትደርስ በጋ ገብቶ ነበር። ቢሆንም ስለ ዝናቡ ተናገረች። ሁሉም እየሳቀ መታላት፤ እሷም ሳቁን ትታ ምቱን ብቻ ይዛ ደስ ብሏት ወረደች።

ጅብም ይመጣል። እሱ ግን አንድም ቀን አለቱ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዳር ካለው ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ ይሰማል፤ ለተናገረው ሁሉ፣ ለጥንቸልም ለፌቆም፣ ሳያዳላ መሬት ይመታል። እንስሳቱ «እንዴት ያለ ጨዋ ሰሚ ነው» ይባባላሉ።

አንድ ጊዜ ዝሆን በነገሩ ግራ ገባውና ጉባኤ ጠራ። ድሮ ውኃ ላይ ስንገናኝ እንጠያየቅ ነበር፣ አሁን ሁሉም ተናጋሪ ሆኖ ጠያቂ ጠፋ፣ ለመሆኑ ይህ አለት ምን ይጠቅመናል ብሎ ጠየቀ። ጦጢት በትሕትና መለሰችለት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሳይሞክሩት አይፍረዱበት።»

ዝሆን ወጣ። የዝሆን ትንፋሽ ረጅም ነው፤ እሱ ግን አላባከነውም። «ይህ አለት ለምንም አይጠቅምም» ብሎ ጨረሰ። ገደሉ ሦስት ጊዜ መለሰለት። አለቱ ከተጀመረ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ምት ተሰምቶ አያውቅም፤ ዛፎቹ ሁሉ ተነቃነቁ። ዝሆን ጆሮውን እያራገበ ትንሽ ቆመ። ከማግስቱ ጀምሮ በየጠዋቱ እየወጣ አለቱ እንደማይጠቅም መናገር ሥራው ሆነ። ይህን ለመስማት ብለው ከሩቅ የሚመጡ ነበሩ።

ሌላዋ ወጥታ የማታውቅ እመት ድኩላ ነበረች። ድኩላ ሲባል ኑሮው መደበቅ ነው። እናት ድኩላ ልጇን ቁጥቋጦ ውስጥ ታስተኛውና «እስክመጣ እንዳትነቃነቅ» ብላው ትሄዳለች፤ ግጣ ስትመለስ ታጠባዋለች። የት እንዳስተኛችው ለእህቷ እንኳ አትናገርም። ሽታው አውሬ እንዳይጠራ ብላ የልጇን በጠጥ ሳይቀር ራሷ ትበላዋለች። ጦጢት ይህን የሰማች ዕለት አለቱ ላይ ወጥታ ተናግራዋለች፤ ጥሩ ምት አግኝታበታለች።

የእመት ድኩላ ልጅ ጠቃጠቆ ይባላል። ጎኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ስላለው ነው።

እመት ድኩላ አንዳንዴ ከዛፍ ጀርባ ቆማ አለቱን ታዳምጣለች። ሁሉም ሲስቅ ያሳቃቸው ነገር አይገባትም። ሁሉም ሲያዝን ደግሞ ሐዘኑ የሚቆየው ቀጣዩ ተናጋሪ አፉን እስኪከፍት ድረስ ብቻ መሆኑ ይገርማታል። ቢሆንም ደፍራ አይጠቅምም አትልም። ይህ ሁሉ እንስሳ ተሳስቶ እኔ ብቻ ልክ ልሆን ነው እንዴ ብላ ዝም ትላለች። ጥርጣሬዋን የምታጫውተው ለጎረቤቷ ለእትዬ ጃርት ብቻ ነበር። እትዬ ጃርት ሌሊቱን ስትዞር አድራ ቀን የምትተኛ አሮጊት ናት። አለቱ ከተጀመረ ወዲህ በጫጫታው እንቅልፍ አጥታ አፏ ከእሾኋ ይልቅ ይወጋ ጀምሯል።

«እንደው እትዬ፣ አንድ ጥቅም ባይኖረው ይህ ሁሉ እንስሳ እዚያ ይውል ነበር?» ብላ ጠይቃት ነበር።

«ዝንቡም ሁሉ ጎሹ ቂጥ ላይ ነው የሚውለው» አለች እትዬ ጃርት ዓይኗን ሳትገልጥ። «ጎሹ ምን ተጠቀመ?»

አንድ ረፋድ እመት ድኩላ ልጇን ልታጠባ ስትመለስ ቁጥቋጦው ባዶ ነበር። የተኛበት ሣር ገና አልተነሣም፤ ሙቀቱ ግን ጠፍቷል። በቀስታ ጠራችው። የድኩላ ጥሪ ዝቅ ያለ ነው፤ ልጅ ብቻ እንዲሰማው ነው። በዚያ ሰዓት ግን የሜዳ አህያ አለቱ ላይ ቆማ ስለ ባሕር እየተናገረች ነበርና የእናትየው ድምፅ ከአፏ ሳይርቅ ጠፋ። ደግማ ጠራች። ዙሪያውን ሮጠች። ከዚያ ወደ እትዬ ጃርት ጉድጓድ ሄዳ ቀሰቀሰቻት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላገኙት ሌሊቱ እንደማይመልሰው ሁለቱም ያውቁታል። እትዬ ጃርት አቧራዋን አራግፋ ወጣች። ግልገል በአንድ ረፋድ ሩቅ አይሄድም፣ አንቺ በወንዙ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች፣ ሽታውን እየተከተልን እንፈልገው አለቻት። እመት ድኩላ ግን ወደ አለቱ እያየች ቆመች።

«እኛ ሁለት ነን፣ እትዬ። እዚያ ስንት ዓይን አለ። አንዱ ሳያየው አይቀርም።»

«እዚያ ያለው አፍ ነው፣ አንቺ ልጅ። ዓይኑን የታባቱ አግኝተሽው ነው?»

እመት ድኩላ ሁለት እርምጃ ወደ ወንዙ ሄደች፤ ቆመች፤ ተመለሰች። ልጅ የጠፋባት እናት አንድ ነገር ሳትሞክር ቀርታ ቢመሽባትስ? ጥርጣሬዋን እዚያው ጥላ ወደ አለቱ ሮጠች። እትዬ ጃርት በምትችለው ሁሉ ተሳድባ ብቻዋን በወንዙ ወረደች።

አለቱ ላይ ስትታይ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ድኩላ በጠራራ ፀሐይ ከሁሉ ፊት ቆማ ማንም አይቶ አያውቅም። ጦጢት ሳይቀር ወረፋ ያዡን ገፍታ ቦታ ሰጠቻት። እመት ድኩላ ትንፋሿ ሳያልቅ ሁሉንም መናገር እንዳለባት ብቻ ነው የምታስበው።

«ልጄ ጠፋብኝ፤ ስሙ ጠቃጠቆ ነው፤ ጎኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው፤ ወንዙ ዳር ከትልቁ ሾላ ጀርባ ቁጥቋጦ ውስጥ አስተኝቼው ሄጄ ስመለስ አጣሁት፤ ያየ ይንገረኝ።»

ገደሉ «ሾላ ጀርባ፣ ሾላ ጀርባ፣ ሾላ ጀርባ» እያለ መለሰው። ለእህቷ እንኳ ያልነገረችው ቦታ በገዛ ድምጿ ለጫካው ሁሉ ሲነገር ሰማች። ግን ወዲያው ምቱ መጣ። ጎሹ መታ፣ ከርከሮው መታ፣ የሜዳ አህያ መታች፣ ጥንቸሎቹ እንኳ በሁለት እግራቸው ቆመው መቱ። አቧራው ከዛፎቹ በላይ ወጣ። እመት ድኩላ አለቀሰች። ይህን ሁሉ ጊዜ አላወቅኋቸውም፣ ደጎች ናቸው ለካ አለች። በዚያች ሰዓት አለቱን ወደደችው።

አሁን ለፍለጋ ይበተናሉ ብላ ጠበቀች። እውነትም ሁሉም ተነሡ። የተነሡት ግን ወረፋ ሊይዙ ነበር።

መጀመሪያ የወጣው ጋሽ ዝንጀሮ ነው። «ልጅ ጠፋ፤ የጠፋበት ያውቀዋል» አለና ከእናትየው የበለጠ ምት አገኘ። የሜዳ አህያ ስለ ዛሬ ዘመን እናቶች ተናገረች። ጉሬዛ ደግሞ ያን ልጅ ከተራራው ማዶ ያየ እንዳለ የሰማ አውቃለሁ አለ። ወሬው አፍ በቀየረ ቁጥር ልጁ እያደገ ሄደ። ነጫጭ ነጠብጣቡ ነጭ ቀንድ ሆነ። ቀንድ ካለው መውጋቱ አይቀርምና እናቱን ወግቶ የሸሸ ወጠጤ ነው ተባለ። ዝሆን ተራው ሲደርስ «ይህ አለት የጠፋ ልጅ አያስገኝም» አለ፤ ለዚህም ተመታለት።

ከዚያ አንዱ ኮሚቴ ይቋቋም አለ። ተቋቋመ። ጋሽ ዝንጀሮ ሊቀመንበር ሆነ፤ ከርከሮ ጸሐፊ ሆነ፤ የጫካውን ዳር ቶሎ ዞሮ መልስ የማምጣቱ ሥራ ለኤሊ ተሰጠ፣ እጇን ቀድማ ያወጣች እሷ ስለሆነች። እያንዳንዱ ተመራጭ በየተራ አለቱ ላይ ወጥቶ ስለመረጡት አመሰገነ። እመት ድኩላ ወርዳ ልትሮጥ ስትል አጽናኞች ከበቧት። ጦጢት ጆሮዋ ሥር ተጠግታ፣ ከኋላ ያሉት በደንብ እንዳልመቱ ነገረቻት።

«እስቲ ደግሚው የኔ እናት። አሁን ግን ትንሽ አልቅሺበት።»

እመት ድኩላ ደገመችው። ማልቀስ አላስቸገራትም።

በዚህ ሁሉ መሃል ጠቃጠቆ እዚያው ነበር። በየቀኑ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ጫጫታውን እየሰማ ምን ይሆን ሲል ኖሮ ዛሬ አላስቻለው ብሎ ነው የወጣው። እናቱ ላይ ታች ስትል እሱ በአቋራጭ መጥቶ ከጎሹ የኋላ እግሮች አጠገብ ቆሟል። አቧራው ዓይኑን ጋርዶታል፤ የጎሹ ሰኮና ጆሮውን ደፍኖታል። ሌሎቹ ሲመቱ እሱም በትንንሽ ሰኮናው ይመታል። በጣም ደስ ብሎታል። በመጨረሻ ስለ ምን እንደሚመታ ለማወቅ ፈለገ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ልጅ ጠፍቶ ነው» አለው ጎሹ ወደ ታች ሳያይ።

«የማን ልጅ?»

«እኔ እንጃ። አንድ ቀንዳም ወጠጤ ነው አሉ። ምታ፣ ዝም ብለህ አትቁም።»

ጠቃጠቆ ለቀንዳሙ ወጠጤ አዝኖ መታ። ግን የሜዳ አህያ እንደገና ወጥታ፣ ልጇ የጠፋባት እናት እንዴት እንደምታለቅስ ስትናገር የራሱ እናት ትዝ አለችው። መጥታ ብታጣውስ? ሳትመለስ ቦታዬ ልገኝ ብሎ በጎሹ እግሮች መሃል ሾልኮ ወጣ። እናቱ ያን ጊዜ አለቱ ላይ በአጽናኞቹ መሃል ቆማ ወደ እሱ በኩል ታይ ነበር። ለእሱ ብለው ካስነሡት አቧራ በስተቀር የታያት ነገር የለም።

በዚያ ቀን መሬት ያልመታ አንድ ነበር። ጅብ ነው። ገደሉ ለሦስተኛ ጊዜ «ሾላ ጀርባ» እንዳለ ተነሥቶ፣ ሣሩን ከጎኑ አራግፎ፣ ሳይቸኩል ሄደ።

ጅብ ቁጥቋጦው ጋ ደርሶ አነፈነፈ። ባዶ ነው። ዙሪያውን ሲፈልግ ቆይቶ፣ ተናዶ ሊመለስ ሲል የትንሽ ሰኮና ኮቴ ሰማና ከሾላው ግንድ ጀርባ ተጠጋ። ጠቃጠቆ እየሮጠ መጣ፤ ቦታው ላይ ተኛ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልተነቃነቀ መስሎ አንገቱን ሣሩ ላይ አጋደመ።

«ጠቃጠቆ» አለ ጅብ በለስላሳ ድምፅ።

ግልገሉ ደነገጠ። «ማነው?»

«የእናትህ ወዳጅ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ፈልገህ አምጣልኝ ብላ ልካኝ ነው።»

«ስሜን ማን ነገረህ?»

«ዛሬ ስምህን የማያውቅ አለ እንዴ? ጫካው ሁሉ የሚያወራው ስላንተ ነው።»

ጠቃጠቆ መፍራት ነበረበት። ግን ጫካው ሁሉ ስለ እሱ እንደሚያወራ ሲሰማ ትንሽ ኩራት ተሰማው። ተነሥቶ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ምን እያሉ ነው?» አለ።

እትዬ ጃርት የግልገሉን ሽታ ተከትላ በወንዙ ወርዳ፣ ሽታው ሲዞር ዞራ፣ ገና መምጣቷ ነበር። በቀትር የሚራመድ ጅብ ከሩቅ አይታ በአጭር እግሯ የቻለችውን ያህል ሮጣለች። ጃርት ሲዋጋ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። እትዬ ጃርትም እሾኋን አቁማ፣ ፊቷን አዙራ፣ በመቀመጫዋ ወደ ጅቡ አፍንጫ ተወረወረች። ጅብ አፉን ለሌላ ነገር ከፍቶ ስለነበር እሾሁ ከአፍንጫውም ከከንፈሩም ከምላሱም ደረሰው። የጮኸው ጩኸት ድኩላ ሊበላ የመጣ አውሬ ጩኸት አይመስልም ነበር። እየወደቀ እየተነሣ ሄደ።

አለቱ ላይ እመት ድኩላን ለሦስተኛ ጊዜ ድገሚው እያሏት ነበር። ጥቂት ንፋስ መጣና አቧራውን ገፋው። እሷም ዳር ያለውን ቁጥቋጦ አየች። ጨዋው ሰሚ ቦታው የለም።  በአጽናኞቹ ራስ ላይ፣ በሊቀመንበሩም ራስ ላይ ዘላ ወደ ወንዙ በረረች። ጋሽ ዝንጀሮ ራሱን እያሻሸ «ሐዘን አሳብዷት ነው» አለ፤ ለዚህም ምት አገኘበት።

ስትደርስ ልጇን ከእትዬ ጃርት ጎን፣ እሾኋ በማይደርስበት ርቀት፣ ተቀምጦ አገኘችው። አሸተተችው። ላሰችው። ጎኑን፣ እግሩን፣ ጆሮውን አንድ በአንድ ላሰችው። ከዚያ በግንባሯ ገፍታ ጣለችውና እንደገና ላሰችው። እሱ ወደ ጡቷ ገባ። እትዬ ጃርት የሆነውን በአጭሩ ነገረቻት፤ ሦስት እሾህ እንዳባከነችም ነገረቻት።

ይህን ሲያወሩ ከገደሉ ድምፅ መጣ። ጅብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቱ ላይ ወጥቷል። እሾሁ አፍንጫው ላይ ስላለ ድምፁ የታፈነ ነው።

«የጠፋውን ልጅ ልፈልግ ብዬ ሄጄ ፊቴ ይኸው እንዲህ ሆነ፤ ቢሆንም አልቆጭም፤ ነገም እፈልጋለሁ።»

ለዝሆን የተመታው ምት ከዚህ ጋር ሲተያይ የቅጠል ድምፅ ነበር። ከወንዙ ዳር ካለው ሾላ ፍሬው ረገፈ። ወዲያው የሜዳ አህያ ወጣች። ሁላችን እዚህ ቆመን ስናወራ ልጁን ፍለጋ የሄደው ጅብ ብቻ ነው አለች። ነገሩ እውነት ስለነበረ የሚከራከር አልተገኘም። ኮሚቴው ፈረሰ፤ ጅብ የጠፉ ልጆች ኃላፊ ሆኖ ተመረጠ። ጦጢት እሾሁን ልትነቅልለት ስትጠጋ፣ ይቆይ፣ እንዲህ ይታይልኝ አላት። የመጀመሪያ ትእዛዙንም እዚያው ሰጠ። ከነገ ጀምሮ ልጇን ደብቃ የምትሄድ እናት ሁሉ ማለዳ አለቱ ላይ ወጥታ የደበቀችበትን ቦታ ትናገራለች፤ ልጅ ቢጠፋ ለፍለጋ እንዲቀል ነው። ሁሉም መቱለት። ከሚመቱት መካከል እናቶች ነበሩ።

ገደሉ ይህን ሦስት ጊዜ ሲመልሰው እትዬ ጃርት እሾኋ ሁሉ ቆመ።

«ተነሺ» አለቻት። «አሁኑኑ ውጪና ልጅሽ ከማን አፍ እንደተረፈ ንገሪያቸው።»

እመት ድኩላ ልጇን ከፊቷ አስቀድማ የገደሉ ድምፅ ወደማይደርስበት ወደ ማዶው ጫካ መሄድ ጀምራ ነበር። ውኃው መሃል ቆም አለች።

«ነግሬያቸው ነበር እኮ፣ እትዬ» አለች። «ልጄ ጠፋ ብዬ ለሁሉም ነገርኳቸው። ከእነሱ መሃል የመጣው ጅቡ ብቻ ነው።»